ሊኑክስ ከ386 ወደ አልፋ የተሻገረበት ሁኔታ (1991–1996)

ሥርዓተ ክወና የሚባለው የኮምፒዩተሩን ክፍሎች የሚያዝዝና ማኅደረ ትውስታውን ለየፕሮግራሙ የሚያደላድል ጽሑፍ ነው። የየፕሮሰሰሩ የትእዛዝ ቋንቋና ጠባይ የተለያየ ስለሆነ ለአንዱ የተዘጋጀ ሥርዓት በሌላው ላይ እንዳለ አይሠራም። ሊኑክስም በመጀመሪያ የአንድ ፕሮሰሰር ብቻ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ሥራውን የጀመረው በቤቱ በነበረው የ386 ኮምፒዩተር ላይ ነው። ከአንዱ ተግባር ወደ ሌላው የሚዛወርበትን ዘዴ እንኳ ከዚሁ ፕሮሰሰር ጋር አቆራኝቶት ስለነበር፣ ሥርዓቱ ወደ ሌላ መሣሪያ የማይሻገር መሆኑን በመጀመሪያው ማስታወቂያው ራሱ ገልጿል። በ1992 መጀመሪያ ላይ በአምስተርዳም ያስተምር የነበረው ፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባም ይህንኑ ጉድለት በአደባባይ ነቀፈ። ከሰነዘራቸው ነቀፋዎች ሁሉ ይበልጥ እውነትነት የነበረው ይህኛው ነው ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የምንጭ ጽሑፉ ለማንም ክፍት ስለነበር ሌሎች ሰዎች ሙከራውን ጀመሩት። የአሚጋ ኮምፒዩተር ወዳጆች ጽሑፉን ወስደው ለሞቶሮላ 68000 ቤተሰብ ፕሮሰሰሮች እንዲስማማ አድርገው አዘጋጁት። መሣሪያው ሠራ፤ ነገር ግን ሁለት ሊኑክሶች ተፈጠሩ። በአንደኛው የታረመው ስሕተት በሁለተኛው እንደገና መታረም ነበረበት። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ በየአካባቢው ለየብቻ እየታረመ ቢታተም የሚደርሰውን መለያየት የሚያውቅ መምህር ችግሩን ለመረዳት አይቸገርም።

በ1994 የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ጆን ሆል ኒው ኦርሊንስ በተደረገ ስብሰባ ላይ ከቶርቫልድስ ጋር ተገናኘና አንድ የአልፋ ኮምፒዩተር በውሰት እንዲደርሰው አደረገ። ለአልፋም ሌላ ግልባጭ ቢዘጋጅ ሦስቱን አንድ ላይ ማስተዳደር እንደማይቻል ቶርቫልድስ ተገነዘበ። ስለዚህ ሥርዓቱን ለሁለት ከፈለው፤ የመሣሪያው ጠባይ የሆነው ሁሉ በየፕሮሰሰሩ ስም በተለየ ማኅደር ሲቀመጥ የቀረው የጋራ ሆነ።

ክፍፍሉ ሲነገር ቀላል ይመስላል። 386 ባለ 32 ቢት፣ አልፋ ባለ 64 ቢት ነው፤ አድራሻን በ32 ቢት ቁጥር ውስጥ ያስቀመጠ መስመር ሁሉ በአልፋ ላይ የአድራሻውን ግማሽ ቆርጦ ይጥላል። የማኅደረ ትውስታው ገጽ በ386 ላይ 4,096 ባይት ሲሆን በአልፋ ላይ 8,192 ነው። ገጾቹ የሚፈለጉበት ማውጫ ደግሞ በ386 ሁለት ደረጃ፣ በአልፋ ሦስት ደረጃ አለው። ቶርቫልድስ የጋራው ክፍል ማውጫውን ምንጊዜም ባለ ሦስት ደረጃ አድርጎ እንዲቆጥር ወሰነ፤ በ386 ላይ መካከለኛው ደረጃ በስም ብቻ ኖሮ ይታለፋል። ለትንሹ መሣሪያ ሲባል ትልቁ አልጠበበም፤ ትንሹም በዚህ ምክንያት የከፈለው ዋጋ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

በ1995 የወጣው እትም 1.2 ከ386 ሌላ አልፋን፣ ሚፕስንና ስፓርክን አካተተ። በ1996 በወጣው እትም 2.0 የአሚጋው ቅርንጫፍም ወደ ጋራው ጽሑፍ ተመልሶ ተገኘ። ቶርቫልድስ በ1997 ለማስተርስ ዲግሪው ያቀረበው ጽሑፍ ስለዚሁ ተሻጋሪነት ነበር። የአልፋ ፕሮሰሰር ከጊዜ በኋላ ከገበያ ወጥቷል፤ በ2003 ኤኤምዲ የ386 ወገን የሆነውን ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰሩን ለሽያጭ ሲያቀርብ ግን ሊኑክስ አስቀድሞ ተዘጋጅቶለት ነበር።