የሌሊት ማሽከርከር

የሌሊት ማሽከርከር በጨለማ ተሽከርካሪን መንዳት ሲሆን፣ ዋነኛ ችግሩ የዓይን የማየት አቅም መቀነሱ ነው። በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት የዓይን ሕዋሳት ቀለም አይለዩም፤ ከጨለማው ጋር ሙሉ በሙሉ ለመላመድም 30 ደቂቃ ገደማ ይወስድባቸዋል። ከፊት የሚመጣ ረጅም መብራት ይህን በቅጽበት ያበላሸዋል። በሰዓት 60 ኪ.ሜ. የሚጓዝ አሽከርካሪ ለ2 ሰከንድ ዓይኑ ቢጨልም 33 ሜትር ያህል ሳያይ ይሄዳል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። 25 ኪ.ሜ. ገደማ በሚሆን ርቀት ሐረጎን አልፎ እየተጠማዘዘ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። የመኪና መብራት ቀጥ ብሎ ወደፊት ስለሚበራ፣ ኩርባ ላይ የሚያሳየው ገደሉን ወይም ተራራውን እንጂ ቀጣዩን መንገድ አይደለም። ኩርባውን ዞሮ የሚመጣ የጭነት መኪናም አጭር መብራት ቢያበራ እንኳ የሌላውን ዓይን ጠርጎ ያልፋል። ያን ጊዜ የሚሻለው መብራቱን ከማየት ይልቅ ፍጥነት ቀንሶ የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ መከተል ነው። በጉም ረጅሙ መብራት ተመልሶ ዓይን ስለሚያጥበረብር አጭሩ ይመረጣል።

አጭር መብራት ጥቁር የለበሰ እግረኛን የሚያሳየው ከ50 ሜትር ባነሰ ርቀት ሊሆን ይችላል (ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ የለበሰ ከዚያ ራቅ ብሎ ይታያል)። በሰዓት 80 ኪ.ሜ. የሚሄድ መኪና ግን በደረቅ አስፋልት ላይም ለመቆም ከ50 ሜትር በላይ ይፈልጋል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይብሳል።

የቆሸሸ የፊት መስታወት ብርሃንን ይበትናል። የዓይን ሞራ ግርዶሽና በቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣው ዳፍንት ደግሞ ቀን ደህና የሚያየውን ሰው ማታ ሊያሳስቱት ይችላሉ።