የዩ ያንግስ ቋጥኞች
ከሜልበርን ወደ ጂሎንግ በሚወስደው አውራ ጎዳና በስተቀኝ፣ ከሜልበርን 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሜዳው ብድግ የሚሉት የዩ ያንግስ ኮረብታዎች ከፍታቸው ከ400 ሜትር በታች ነው፤ ሆኖም ያለ ገመድ ቋጥኝ የመውጣት ልማድ በአውስትራሊያ እንዴት እንዳደገ ለመረዳት ከታላላቆቹ ገደሎች ይልቅ እነዚህን ማጥናት ይጠቅማል። ከ360 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሥር የቀለጠ አለት ገጹ ላይ ሳይደርስ ቀስ ብሎ በመቀዝቀዙ ግራናይት የተባለው ጠንካራ ድንጋይ ተፈጠረ፤ ከላዩ የነበረው ክፍል በዘመናት ብዛት ታጥቦ ሲያልቅ ግራናይቱ ተጋለጠ፤ ውሃ በስንጥቆቹ እየገባ ጠርዞቹን ስለበላቸውም ዛሬ በዛፎች መካከል የሚታዩት ድብልብል ቋጥኞች ቀሩ።

የምድሪቱ ጥንታዊ ባለቤቶች የሆኑት ዋዳውሩንግ ከእነዚህ አለቶች የሚፈልጉት ውሃ ነበር። አካባቢው ዝናብ አጠር በመሆኑ በድንጋዩ ላይ የነበሩትን የተፈጥሮ ጎድጓዳዎች አስፍተው ውሃ ማቆሪያ አደረጓቸው፤ ሥራቸውም «ቢግ ሮክ» በሚባለው ሰፊ የግራናይት ጀርባ ላይ አሁን ድረስ ይታያል። እንግሊዛዊው መርከበኛ ማቲው ፍሊንደርስ በግንቦት 1 ቀን 1802 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወደ ከፍተኛው ጫፍ ሲወጣ ደግሞ የፈለገው ዙሪያውን የሚቃኝበት ማማ ነበር፤ የመርከቡን ስም የጻፈበትን ወረቀትም በድንጋይ ክምር ውስጥ ትቶ ወረደ፤ ጫፉ በስሙ የተጠራው ግን በ1912 ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሰፋሪዎች ዛፉን ቆረጡ፣ ድንጋዩን ፈለጡ፣ በተራቆተው መሬት ላይም ከሌላ የአውስትራሊያ ክፍል የመጡ የባሕር ዛፍ ዓይነቶችን ተከሉ። ባሕር ዛፍን የአውስትራሊያ ስጦታ አድርጎ ለሚያውቀው የአዲስ አበባ ሰው፣ በትውልድ አገሩም ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ በሰው እጅ መተከሉ ሳያስገርመው አይቀርም።

የቪክቶሪያ ግዛት የተራራ ወጪዎች ክበብ በ1952 ሲመሠረት፣ ለሜልበርን ቅርብ የሆነው ዩ ያንግስ የገመድ አያያዝ መማሪያ መሆኑ የሚጠበቅ ነበር፤ ከ1963 ጀምሮ ግን ከሜልበርን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀው የአራፒለስ ገደል የወጪዎቹን ልብ ስለሳበ፣ የቅርቦቹ ቋጥኞች ለጀማሪና ለሰነፍ ቅዳሜ የተተዉ መሰሉ። ቁመታቸው ከሦስትና ከአራት ሜትር የማያልፈውማ ከልምምድ በስተቀር ቁም ነገር ያለባቸው አይመስልም ነበር፤ ፍርዱ ትክክል አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ጉድለቱ የድንጋዩ ሳይሆን የመሣሪያውና የአስተያየቱ ነበር።

ቦልደሪንግ የሚባለው ስፖርት አጭር ቋጥኝን ያለ ገመድ መውጣት ነው፤ የደብረ ዳሞ ወጪ በጠፍር የሚንጠላጠለው ከላይ ያለው ገዳም ዘንድ ለመድረስ ሲሆን፣ ቦልደሪንግ ግን ግቡ መድረስ ሳይሆን በመካከል ያሉት ጥቂት አስቸጋሪ እንቅስቃሴዎች ናቸው። በፓሪስ አቅራቢያ በሚገኘው የፎንቴንብሎ ደን ይህ ልማድ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ራሱን የቻለ ጥበብ ሆኖ ነበር፤ በአሜሪካም የሒሳብ ሊቅና የጂምናስቲክ ሰው የሆነው ጆን ጊል በ1950ዎቹ የጂምናስቲክ ባለሙያዎች ላብ ለማድረቅ እጃቸውን የሚቀቡትን ነጭ የማግኒዥየም ካርቦኔት ዱቄት ወደ ድንጋዩ አመጣው። በ1990ዎቹ በጀርባ የሚታዘሉ የመውደቂያ ፍራሾች በገበያ ሲገኙ፣ ቀድሞ ቁርጭምጭሚት ይሰብር የነበረው አወዳደቅ የሚደፈር ሆነ፤ አጭሩ ቋጥኝም ያን ጊዜ ዋጋ አገኘ። የዩ ያንግስ ግራናይት ሻካራና ብዙውን ጊዜ ያዘነበለ በመሆኑ የክንድ ጉልበትን ሳይሆን የእግር እምነትንና ሚዛንን ይጠይቃል፤ ጫማ ከድንጋይ ጋር የሚጣበቀው በብርድ ስለሆነም የተመረጠው ወቅት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ክረምታቸው ነው፤ ወራቱ ከኢትዮጵያ ክረምት ጋር ቢገጥሙም በዚያ ያሉት ብርድ እንጂ የዶፍ ዝናብ ወራት አይደሉም።

ድንጋዩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ዘግይቶ መጣ። ፓርክስ ቪክቶሪያ የተባለው የግዛቱ የፓርኮች አስተዳደር በ2019 የነባር ሕዝቦችን ቅርስና ተፈጥሮን ለመጠበቅ ሲል በጋሪወርድ (ግራምፒያንስ) ተራሮች ሰፋፊ የመውጫ ቦታዎችን ሲዘጋ፣ ወጪዎቹ ክፉኛ ተከፋፈሉ፤ ገሚሶቹ ልማዳቸው እንደተነጠቀ ቆጠሩት፣ ገሚሶቹም ቀድሞ ሳይጠየቅ የቆየ ፈቃድ መሆኑን ተቀበሉ። በዩ ያንግስ ችግሩ በመጠኑ አነስተኛ ቢሆንም ዓይነቱ ያው ነው፦ ከእግረኛ መንገዱ ወጥቶ በቋጥኞቹ መካከል የሚረገጠው አቋራጭ አፈሩን ያላላዋል፤ ከደቡብ አፍሪካ መጥቶ ኮረብታዎቹን የወረረው ቦንሲድ የተባለ ቁጥቋጦ በተረበሸ መሬት ላይ በቀላሉ ይበቅላልና በጎ ፈቃደኞች በእጃቸው እየነቀሉ ይታገሉታል። ጀማሪዎች ገመድ በሚለማመዱበት በቢግ ሮክ ደግሞ የዋዳውሩንግ የውሃ ጉድጓዶችና የወጪዎቹ ነጭ ዱቄት በአንድ ድንጋይ ላይ ስለሚገናኙ፣ እጅና እግር የሚያርፍበትን ቦታ መምረጥ በዚያ የስፖርት ጉዳይ ብቻ አይደለም።