አፍሪካንስና ጆርጂያንኛ፤ የሁለት ቋንቋዎች የታሪክ ንጽጽር

ሁለት ቋንቋዎች ጎን ለጎን የሚመረመሩት ብዙውን ጊዜ ዝምድናቸውን ለማስረዳት ነው። አፍሪካንስንና ጆርጂያንኛን ግን የሚያገናኝ የዘር ሐረግ የለም። አፍሪካንስ በደቡብ አፍሪካና በናሚቢያ የሚነገር፣ ከሆላንድኛ የተወለደ የጀርማናውያን ወገን ቋንቋ ነው። ጆርጂያንኛ ደግሞ ከካውካስ ተራሮች በስተ ደቡብ የሚነገር ሲሆን፣ ከሜግሬልኛ፣ ከላዝኛና ከስቫንኛ ጋር የካርትቬል ቤተ ሰብ ይባላል፤ ይህ ቤተ ሰብ ከሌላ ከማናቸውም የቋንቋ ወገን ጋር መዛመዱ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ስለዚህ የሁለቱ ንጽጽር የሚጠቅመው ለትውልድ ቈጠራ ሳይሆን፣ ቋንቋ ከመንግሥት ሥልጣን ጋር ሲገናኝ የሚደርስበትን ለመመርመር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በዕድሜ ረገድ ሁለቱ እጅግ የተራራቁ ናቸው። የጆርጂያ ሕዝብ ክርስትናን በ4ኛው መቶ ዓመት ከተቀበለ በኋላ የራሱን ፊደል ይዞ ተነሣ፤ ከጥንታውያኑ ጽሕፈቶች አንዳንዶቹ በ5ኛው መቶ ዓመት በቤተ ልሔም አጠገብ በነበረ ገዳምና በቦልኒሲ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ላይ የተቀረጹት ናቸው። የቅድስት ሹሻኒክን ገድል ያዕቆብ ጹርታቬሊ የጻፈውም በዚያው መቶ ዓመት ነው። አፍሪካንስ በአንጻሩ የሚጀምረው ያን ቫን ሪቤክ ለሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጣቢያ ለመመሥረት በ1652 ወደ ኬፕ ከመጣ ወዲህ ነው። በዚያ የሆላንድ ሰፋሪዎች፣ የአገሩ ተወላጆች የሆኑት ኮይኮይና ከማዳጋስካር፣ ከሕንድና ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች ተማርከው የመጡ ባሮች በአንድ ግቢና በአንድ ማጀት ሲግባቡ ሆላንድኛው እየተለወጠ ሄደ። ዛሬ «ብዙ» ለማለት የሚነገረው «ባየ» የሚለው ቃል ከማላይኛ የመጣ መሆኑ ለዚህ ምስክር ነው።

የሰዋስዋቸውም ጠባይ እንደ ታሪካቸው ይለያያል። በአፍሪካንስ ግሱ ባለቤቱ ማንም ቢሆን አይለወጥም፤ እኔም፣ አንተም፣ እነርሱም ቢሉ «ስክረይፍ» (መጻፍ) ያው አንድ ቃል ነው። በጆርጂያንኛ ግን «ቭጼር» እጽፋለሁ፣ «ጼር» ትጽፋለህ፣ «ጼርስ» ይጽፋል ማለት ነው። እንዲያውም ግሱ ተሳቢውን ጭምር ይሸከማል፤ «ምኼዳቭስ» ሲባል ያየኛል፣ «ግኼዳቭ» ሲባል አይሃለሁ ማለት ነው። ስሙም ሰባት ሙያዎች አሉት። ለአማርኛ አንባቢ የግሱ ጠባይ እንግዳ አይሆንበትም፤ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸና ጰን የሚመስሉትም ድምፆች በጆርጂያንኛ ይገኛሉ። አፍሪካንስም አሉታን ሲናገር «ኒ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ማስገባቱ «አል» እና «ም» ግሱን ከፊትና ከኋላ ይዘው «አልናገርም» የሚባለውን ያስታውሳል። ይሁን እንጂ መመሳሰል ዝምድና አይደለም። የግሱ መቅለልም ቋንቋውን አያዋርደውም፤ የግሱ መክበድም አያከብረውም።

ክብሩን የወሰነው ሌላ ነገር ነው። ሩሲያ በ1801 ምሥራቅ ጆርጂያን ወደ ግዛቷ ከቀላቀለች በኋላ የቢሮውና የትምህርት ቤቱ ቋንቋ እየዋለ ሲያድር ሩሲያኛ ሆነ። ኬፕም በ1806 በእንግሊዝ እጅ ሲወድቅ ሆላንድኛ ከሸንጎ ወደ ቤት ተገፋ፤ ከእርሱ የተወለደው የቤት ቋንቋ ደግሞ በተማሩት ዘንድ እንደ ወጥ ቤት ንግግር ይናቅ ነበር። ሁለቱም መልስ ያገኙት ባንድ ወቅት ነው። በ1875 በፓርል ከተማ የእውነተኞች አፍሪካነሮች ማኅበር ተቋቋመ፤ በሚቀጥለው ዓመት በ1876 «ዲ አፍሪካንሰ ፓትሪዮት» የተባለውን ጋዜጣ አወጣ። በዚያው በ1876 ያዕቆብ ጎጌባሽቪሊ «ዴዳ ኤና»፣ ትርጓሜውም «የእናት ቋንቋ» የተባለውን የንባብ መጽሐፍ ለጆርጂያ ሕፃናት አሳተመ፤ በ1879 ደግሞ ኢሊያ ጫቭጫቫዜና ባልንጀሮቹ የማንበብና የመጻፍ ማስፋፊያ ማኅበር መሠረቱ።

ከዚህ ወዲያ የሁለቱ ዕድል ተለያየ። አፍሪካንስ በ1925 በሕግ የመንግሥት ቋንቋ ሆነ፤ በ1933 መጽሐፍ ቅዱስ ተተረጐመለት፤ ከ1948 በኋላ ደግሞ የዘር መለያየት መንግሥት ቋንቋ ሆነ። በ1974 መንግሥቱ በጥቁሮች ትምህርት ቤት ሒሳብና የኅብረተ ሰብ ትምህርት በአፍሪካንስ እንዲሰጥ አዘዘ። ሰኔ 16 ቀን 1976 የሶዌቶ ተማሪዎች ይህን ተቃውመው ሰልፍ ሲወጡ ፖሊስ ተኰሰባቸው፤ በተከተሉት ወራትም በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ሞቱ። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1978፣ የትብሊሲ ተማሪዎችና መምህራን ለተቃራኒ ጉዳይ አደባባይ ወጡ። በአዲሱ የሶቪየት ጆርጂያ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ውስጥ ጆርጂያንኛ የመንግሥት ቋንቋ መሆኑ ቀርቶ ነበርና፤ ባለ ሥልጣኖቹ ሰልፈኛውን አይተው አንቀጹን መለሱት።

እንግዲህ አንዱ የጨቋኝ፣ ሁለተኛው የተጨቋኝ ቋንቋ ነው ብሎ ነገሩን መዝጋት ይቀላል። ታሪኩ ግን አይፈቅድም። አፍሪካንስን ቀድመው በመጽሐፍ ካሰፈሩት መካከል የኬፕ ሙስሊሞች ነበሩ፤ አብዛኞቹ የባሮች ልጆች ሲሆኑ፣ የሃይማኖት ትምህርታቸውን በዐረብ ፊደል በአፍሪካንስ ይጽፉ ነበር። አቡ በከር ኤፌንዲ በዚህ መንገድ ያዘጋጁት መጽሐፍ በ1877 በኢስታንቡል ታትሟል። ዛሬም ከተናጋሪዎቹ የሚበልጡት ነጮች አይደሉም። ጆርጂያንኛም በአብካዝያ ሌላ ፊት አሳይቷል፤ በ1938 የአብካዝ ቋንቋ በጆርጂያ ፊደል እንዲጻፍ ተደረገ፤ ከ1945 በኋላ የአብካዝ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ማስተማሪያው ጆርጂያንኛ ሆነ። ይህ የተሻረው ስታሊን በ1953 ከሞተ በኋላ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ፍሬ ነገር አንድ ነው። ሰው ቋንቋን የሚወደው ወይም የሚጠላው በሰዋስው ምክንያት አይደለም፤ በፊደሉ ጥንታዊነትም አይደለም፤ ወደ ትምህርት ቤት በር ያመጣው እጅ ማን እንደ ሆነ በማየት ነው። እናት ያመጣችውን ቋንቋ ልጅ በደስታ ይቀበለዋል፤ ያንኑ ቋንቋ አዛዥ በትእዛዝ ቢያመጣው የሌላዋ እናት ልጅ ይሸሸዋል። ደቡብ አፍሪካ በ1996 ሕገ መንግሥቷ አፍሪካንስን ከአሥራ አንዱ የመንግሥት ቋንቋዎች አንዱ ስታደርገው፣ ጆርጂያም በ1995 ሕገ መንግሥቷ በአብካዝያ የአብካዝ ቋንቋን ከጆርጂያንኛ ጎን ስትጠቅስ፣ ሁለቱም በደም የተማሩትን በሕግ ጽፈዋል። ሕጉ መጻፉ ብቻ ግን አይበቃም፤ የጆርጂያው አንቀጽ የወጣው ከ1992–1993ቱ ጦርነት በኋላ፣ አብካዝያ ከትብሊሲ እጅ ከወጣች ወዲህ ነበርና።