ከምስሉ ሥር ያለው ቃል፦ የኢትዮጵያን ሥነ ጥበብ፣ ፎቶግራፍና ሥነ ሕንፃ የሚያሳዩ መጻሕፍት እና የስያሜዎቻቸው ታሪክ

1. መነሻ

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ በቆየበት ጊዜ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ነበር። በ1540 በሊዝቦን በታተመው መጽሐፉ ያየውን ከዘረዘረ በኋላ ግን፣ አንባቢ አያምነኝም ከሚል ሥጋት የተነሣ ዝርዝሩን ከመቀጠል መቆጠቡን ይናገራል። ቃል ብቻውን ሊሸከመው ያልቻለውን ነገር ምስል ሊሸከመው እንደሚችል ከዚያ ወዲህ የታተሙት መጻሕፍት አሳይተዋል። ዛሬ የላሊበላን ፎቶግራፍ ያየ ሰው የአልቫሬዝ ሥጋት አይገባውም።

ይሁንና ምስሉ ሲመጣ ሌላ ችግር ይዞ መጥቷል። ምስል ራሱን አይሰይምም። አንባቢ ያየውን ነገር ምን ብሎ እንደሚጠራውና ምን አድርጎ እንደሚረዳው የሚወስነው ከምስሉ ሥር የሚጻፈው አንድ መስመር ነው። የኢትዮጵያን ሥነ ጥበብና ሥነ ሕንፃ በሰፊው ያሳዩት መጻሕፍት አብዛኞቹ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛ፣ በጣሊያንኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለሆኑ፣ ያ መስመርም በአብዛኛው በእነዚሁ ቋንቋዎች የተጻፈ ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ ምን ይሆናል? ይህ ጽሑፍ ጥቂት ቃላትን መርጦ በመጻሕፍቱ ውስጥ ያለፉበትን መንገድ ይከታተላል፤ ከዚያም ለተርጓሚና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚሆን አሳብ ያቀርባል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

2. «ወጥ» እና «ውቅር»

ፈረንሳዊው አቺል ራፍሬ በ1882 በፓሪስ ያሳተመው የላሊበላ መጽሐፍ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ገና ከርእሱ «ሞኖሊት» ብሎ ይጠራቸዋል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ፍቺው «አንድ ድንጋይ» ማለት ነው። በ1940 በሮም የታተመው የአሌሳንድሮ አውጉስቶ ሞንቲ ዴላ ኮርቴ መጽሐፍ ከራፍሬ ይልቅ ይጠነቀቃል፤ በርእሱ ላይ ከመሬት ሥር የተፈለፈሉትንና ከአንድ ድንጋይ ተለይተው የወጡትን በሁለት የተለያዩ ቃላት ይሰይማቸዋል። ይህ ጥንቃቄ ግን ብዙ ተከታይ አላገኘም። የኢርምጋርድ ቢደር የ1958 የጀርመንኛ መጽሐፍ ወደ ነጠላው ቃል ተመለሰ፤ ዣክ መርሲዬና ክሎድ ለፓዥ በ2012 ያሳተሙት ትልቅ ሥራም በንኡስ ርእሱ ይህንኑ ቃል ይዟል። ስዊሳዊው ፎቶግራፍ አንሺ ጌኦርግ ጌርስተር ብቻ በ1968ቱ መጽሐፉ «በዓለት ውስጥ ያሉ» የሚል ሰፋ ያለ አጠራር መርጧል።

ተርጓሚው ይህን ሁሉ «ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈሉ» እያለ ቢመልሰው የትርጉም ስሕተት ሠራ አይባልም። የነገር ስሕተት ግን ይሠራል። ቤተ ጊዮርጊስ በአራቱም ጎኑና በጣሪያው ከአካባቢው ዓለት ተለይቶ የቆመ ነው፤ «ወጥ» መባል በትክክል ይገባዋል። ቤተ አባ ሊባኖስ ደግሞ በአራቱ ጎኖቹ ተለይቶ በጣሪያው ግን ከላዩ ካለው ዓለት ጋር እንደተያያዘ ነው። ቤተ መርቆሬዎስ ወደ ዓለቱ ውስጥ የተፈለፈለ ዋሻ መሰል ቤት ነው። በላስታ ያለው ይምርሃነ ክርስቶስ ደግሞ ከነጭራሹ አልተፈለፈለም፤ በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት የተገነባ ሕንፃ ነው። አራቱን በአንድ ቃል የጠራ ጽሑፍ አንባቢው ልዩነታቸውን እንዳያይ ዓይኑን ይጋርዳል።

ለዚህ ልዩነት የሚሆን ቃል ቋንቋችን አልጎደለውም። «ወቀረ» በግእዝ ድንጋይን ጠረበ፣ ፈለፈለ ማለት ነው። በአማርኛም ቃሉ ከቤት አልራቀም፤ የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ ፊቱ እንደገና ይወቀራል። ከዚሁ ሥር የወጣው «ውቅር» ለተፈለፈለው ሁሉ ጠቅላላ ስም ቢሆን፣ «ወጥ ውቅር» ከሁሉም ወገን ለተለየው፣ «ከፊል ውቅር» በአንድ ወገን ለተያያዘው፣ «የዋሻ ውቅር» ወደ ውስጥ ለተፈለፈለው ሊያገለግል ይችላል። በዋሻ ውስጥ ለተገነባው ግን «ውቅር» የሚለው ቃል ፈጽሞ አይገባውም፤ «የዋሻ ውስጥ ሕንፃ» መባል ይበቃዋል።

3. «ርእሰ ህበይ»

በ1906 በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን ጉዞ ውጤቱን በ1913 በበርሊን በአራት ጥራዞች አሳትሟል። የዳንኤል ክሬንከር የሥነ ሕንፃ ሥዕሎችና የቴዎዶር ፎን ሉፕከ ፎቶግራፎች ለዚህ ዘመን አጥኚዎችም የማይታለፉ ናቸው። በእነዚህ ጥራዞች ውስጥ «የዝንጀሮ ራሶች» የሚል አጠራር ይገኛል። አንባቢው ድንጋይ ላይ የተቀረጸ እንስሳ ቢፈልግ አያገኝም። ነገሩ የአክሱም ዘመን ግንበኞች የግድግዳውን ድንጋይ ለማሰር አግዳሚ እንጨቶችን ሲያስገቡ፣ በመካከላቸው የሚያልፉት አጫጭር እንጨቶች ጫፋቸው ከግድግዳው ወጣ ብሎ መታየቱ ነው። በደብረ ዳሞ እንጨቱ ራሱ ይታያል። በአክሱም ትልልቅ ሐውልቶች ላይ ደግሞ ጠራቢው ያንኑ የእንጨት ጫፍ በድንጋይ አስመስሎ ክብ ጉጥ አድርጎ ቀርጾታል፤ እንጨት ባይኖርም መልኩ ቀርቷል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከዓመታት በፊት ከምስል ሥር የሚገባ አንድ መግለጫ ሲተረጉም «በዝንጀሮ ጭንቅላት ያጌጠ ግድግዳ» ብሎ ጽፏል። አራሚውም ሳይጠይቅ አሳልፎታል። ስሕተቱ የታወቀው የግእዝ ሊቅ የሆኑ አባት ገጹን አይተው፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ ርእሰ ህበይ ነው፤ ማን ዝንጀሮ አደረገው?» ባሉ ጊዜ ነው።

የአክሱም ጽዮንን ሕንፃ የሚገልጸውና ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1909ና በ1910 ያሳተመው የግእዙ መጽሐፈ አክሱም እነዚህን ጫፎች «ርእሰ ህበይ» በሚል ስም ይቈጥራቸዋል። «ህበይ» ዝንጀሮ ነው፤ ቃሉ በትግርኛ እስከ ዛሬ ሕያው ነው። እንግዲህ ስሙ የእኛ ነበር። ወደ አውሮፓ ቋንቋ ተተርጉሞ ሄደ፤ እኛም ከዚያ ቋንቋ መልሰን ስንተረጉመው ባለቤቱን ሳናውቅ ተቀበልነው። ስለሆነም ከምስል ሥር «ርእሰ ህበይ» ብሎ ጽፎ «ከግድግዳው ወጣ ያለ የማሰሪያ እንጨት ጫፍ» የሚል አጭር ፍቺ መስጠት ተገቢ ነው።

4. «ሐረግ»

የዚህ ተቃራኒ ታሪክ ያለው ቃል «ሐረግ» ነው። በብራና መጻሕፍት የገጹን ራስና ዳር የሚያስጌጠው እርስ በርሱ የተጠላለፈ መስመር በጸሐፊዎቻችን ዘንድ «ሐረግ» ይባላል፤ ስሙም ከሚጠመጠመው ተክል የተወሰደ ነው። ዩኔስኮ በ1961 በዓለም ሥነ ጥበብ ተከታታይ መጻሕፍቱ ውስጥ የኢትዮጵያን ባለ ሥዕል የብራና መጻሕፍት በቀለም ካሳተመ ወዲህ የዚህ ጥበብ ተመልካች በዝቷል። አጥኚዎቹም በራሳቸው ቋንቋ ተመጣጣኝ ስም ከመፈለግ ይልቅ «ሐረግ» የሚለውን ቃል እንዳለ ወስደውታል። ዛሬ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ በሚጻፉ የብራና ጥናቶች ውስጥ ቃሉ ሳይተረጎም ይገኛል።

ይህ ለምን ሆነ? ነገሩ በቅርብ የሚታይ፣ ስሙም በሠሪዎቹ አፍ የነበረ ስለሆነ ነው። አጥኚው ጸሐፊውን ጠይቆ ከአፉ ተቀበለ። አማርኛ ደግሞ ይህንኑ ቃል ለትውልድ መስመርም፣ ለሰዋስውም ተጠቅሞበታል፤ ስማዊ ሐረግ፣ ግሣዊ ሐረግ ስንል የምንጠራው ያንኑ የሚጠመጠም ተክል ነው። ከሠሪው አፍ የተወሰደ ስም ረጅም ዕድሜ እንዳለው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

5. «ፍሬስኮ» ያልሆነው

በመጻሕፍቱ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ሁሉ «ፍሬስኮ» ሲባል ማየት የተለመደ ነው። ፍሬስኮ ግን የአሠራር ስም ነው። ቀለሙ ገና ባልደረቀ የኖራ ምርግ ላይ ይቀባል፤ ኖራው ሲደርቅም ቀለሙ የግድግዳው አካል ይሆናል። የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ልማድ ሌላ ነው። የቀድሞዎቹ በደረቀ ምርግ ላይ ሥለዋል፤ ከኋለኛው ዘመን ሥራዎች ብዙዎቹ ደግሞ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ላይ የሚታዩት ከእነዚህ ወገን ናቸው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ከ1931 እስከ 1933 አፍሪካን ያቋረጠው በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ጉዞ በ1932 ጎንደር ሲደርስ፣ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ ወደ ፓሪስ ወስዷል፤ በምትካቸውም ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸው ቅጂዎች ተተክተዋል። ሥዕሎቹ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። በእርጥብ ኖራ ላይ የተሣለ ሥዕል እንዲህ ባለ መንገድ ተላጦ፣ ተጠቅልሎ አይሄድም። ጨርቅ ግን ይሄዳል። ከእነዚህ ሥዕሎች ፎቶግራፍ ሥር «ፍሬስኮ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የአሠራሩን ብቻ ሳይሆን የአካሄዳቸውንም ታሪክ ይደብቃል። በምርግ ላይ ለተሣለው «የግድግዳ ሥዕል»፣ በጨርቅ ላይ ለተሣለው «የጨርቅ ልጥፍ ሥዕል» ማለት እውነቱን ይገልጻል።

6. ሥዕል፣ ምስል፣ ፎቶግራፍ

የግእዙ «ሠዐለ» ቀለም ቀብቶ መልክ አወጣ ማለት ሲሆን፣ «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው። ከመጀመሪያው «ሥዕል»፣ ከሁለተኛው «ስእለት» ወጥተዋል። በአማርኛ አነጋገር ድምፆቹ ስለተቀላቀሉ ልዩነቱን የሚጠብቀው አጻጻፉ ብቻ ነው፤ በሥነ ጥበብ መጽሐፍ ውስጥ አጻጻፉን መጠበቅ የሚገባውም ለዚህ ነው።

ፎቶግራፍ ወደ አገራችን በስፋት የገባው በ1867ና በ1868 በመቅደላው ዘመቻ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በመጡት መሐንዲሶች እጅ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና ደኒ ዤራር በ1996 ያሳተሙት የቆዩ ፎቶግራፎች ስብስብም ከ1867 ተነሥቶ እስከ 1935 ይደርሳል። ከምኒልክ ዘመን አንሥቶ የአርመናዊው የቤድሮስ ቦያጂያን ቤተሰብ ለቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር። ስሙን ከውጭ ብንቀበልም ግሡን ግን ቋንቋው ከራሱ ሰጠው፤ ሥዕል «ይሣላል»፣ ፎቶግራፍ «ይነሣል»፣ ሰውም ፎቶግራፍ «ይነሣል»። የተውሶ ቃል ዜጋ የሚሆነው እንዲህ የአገሩን ግሥ ሲያገባ ነው፤ ስለዚህ «ፎቶግራፍ»ን በአዲስ ፈጠራ ለመተካት መድከም ትርፍ የለውም።

ያልተፈታው ችግር ሌላ ነው። በአማርኛ መጻሕፍት በተራ ቍጥር የሚጠቀስ ማናቸውም ምስል «ሥዕል 1»፣ «ሥዕል 2» ይባላል። በሂሳብ መጽሐፍ ይህ አይጎዳም። በሥነ ጥበብ መጽሐፍ ግን «ሥዕል 12» የቅብ ሥራ ነው ወይስ የሕንፃ ፎቶግራፍ? በተራ ቍጥር ለሚጠቀሰው ሁሉ «ምስል»፣ ለቅብ ሥራ «ሥዕል»፣ በካሜራ ለተነሣው «ፎቶግራፍ» ቢባል ግራ መጋባቱ ይቀራል።

የሕንፃ ፎቶግራፍ ሲሆን ደግሞ ነባር ቃላትን ማስታወስ ያስፈልጋል። ፋሲል ጊዮርጊስና ደኒ ዤራር በ2007 ከ1886 እስከ 1941 ያለውን የአዲስ አበባን የሕንፃ ቅርስ ያሳዩበት መጽሐፍ የመኳንንት ቤቶችን በብዛት ይዟል። እንዲህ ያለውን ቤት የሚገልጽ ተርጓሚ «እልፍኝ»ን «መኝታ ቤት»፣ «አዳራሽ»ን «ትልቅ ክፍል» እያለ ቢያልፍ፣ ጌታው ማንን በየት ይቀበል እንደነበር፣ ግብሩ የት ይበላ እንደነበር የሚናገረውን ታሪክ ከቃሉ ጋር ይጥለዋል። «በረንዳ»፣ «ሰገነት»፣ «ሰቀላ» የሚሉትም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቦታ አላቸው።

7. ማጠቃለያ

አዳዲስ መጻሕፍት መታተማቸው አላቆመም። የጁዲት ማክንዚና የፍራንሲስ ዋትሰን የ2016 መጽሐፍ በዐድዋ አካባቢ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌሎች ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆኑ አሳይቷል፤ በካርቦን ምርመራ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ተመድበዋል። ቀድሞ በብዙ ዓመታት ወጣት ተደርገው ይታዩ ስለነበር የቆዩ መግለጫዎች ሁሉ መታረም አለባቸው። በ2023 መጨረሻ በባልቲሞር በዋልተርስ ሙዚየም የተከፈተው የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ትርኢትም ሰፊ ባለ ምስል መጽሐፍ አስከትሏል። በዚያ አካባቢና በዋሽንግተን ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ልጅ የአያቱን አገር መስቀል ወይም የብራና ገጽ በምስል አይቶ «ይህ በእኛ ቋንቋ ምን ይባላል?» ብሎ ሲጠይቅ አባት የሚመልሰው ቃል ሊኖረው ይገባል።

ከላይ ከተመለከትነው ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ተርጓሚው መተርጐም የሚገባው የውጭውን ቃል ሳይሆን ምስሉን ነው፤ ነገሩን አይቶ፣ አሠራሩን ጠይቆ ይሰይም። ሁለተኛ፣ ስያሜ ከመፍጠሩ በፊት በግእዝ መጻሕፍት፣ በአገሪቱ ሌሎች ቋንቋዎችና በሠሪዎቹ አፍ ይፈልግ፤ «ርእሰ ህበይ»ም «ሐረግ»ም የተገኙት ከዚያ ነው። ሦስተኛ፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለእነዚህ ቃላት ፍቺ ሲሰጡ በተቻለ መጠን ምስል ይጨምሩ። ጠራቢው፣ ሠዓሊውና ብራና ጸሐፊው ስሙን የሚያውቁት በእጃቸው ነው። እነርሱ ሳይጠየቁ ካለፉ፣ ምስሎቹ በመጽሐፍ ተጠብቀው ስማቸው ግን ይጠፋል።