የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ማንሻ ሲገዙ፦ ከኪሎው በፊት የሚታየው

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ያልተባለ ነገር የለም፡፡ ወሬው ግን በአብዛኛው ስለ መኪና ነው፡፡ ያለ ድምፅ በየግቢው የገባው የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል እምብዛም አይነሳም፡፡ ዘይት አይቀየርለትም፣ ካንዴላም የለውም፤ ስለዚህ ብዙ ባለቤቶች ቀላሉን ሥራ በቤታቸው መሥራት ጀምረዋል፡፡ ጎማ ማውጣት፣ የፍሬን ሸራ መለወጥ፣ ካቴና ወይም ቺንጋ ማጥበቅ፣ ኩሽኔታ መፈተሽ የሚቻለው ግን ጎማው ከመሬት ሲነሳ ነው፡፡ ከመፍቻ በፊት የሚያስፈልገው ማንሻ ነው ማለት ነው፡፡

ሻጭ ማንሻን የሚያስተዋውቀው በሚሸከመው ኪሎ ግራም ነው፡፡ በእኔ እምነት ግን ገዥ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት “ስንት ይሸከማል?” ብሎ ሳይሆን “የት ጋ ነክቶ ያነሳል?” ብሎ ነው፡፡ ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባል የለ!

ሆዱ ሥር ያለው ምንድን ነው?

በነዳጅ የሚሠራውን ሞተር ሳይክል መካኒኩ ከሥሩ እንጨት ደግፎ በክሪክ ሲያነሳው አይተናል፡፡ በኤሌክትሪኩ ላይ ግን ያንኑ ቦታ ብዙ ጊዜ የያዘው ባትሪው ወይም የባትሪው ሳጥን ነው፡፡ የሊቲየም ባትሪ ሲጨፈለቅ ወይም ሲበሳ ውስጡ ሊገናኝና እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ እሳቱ ጉዳቱ ከደረሰ ከሰዓታት በኋላ የሚነሳበት ጊዜም አለ፣ ለማጥፋትም አስቸጋሪ ነው፡፡ ስለዚህ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ባትሪ አብርታችሁ ከሥር ተመልከቱ፡፡ የሚታየው የቴላዮው ብረት ከሆነ ከሥር የሚያነሳ መሣሪያ ሊያገለግላችሁ ይችላል፡፡ የሚታየው የፕላስቲክ ክዳን ወይም የአሉሚኒየም ሳጥን ከሆነ ግን እዚያ ላይ ክሪክ አይገባም፡፡ የአምራቹ መመሪያ የመደገፊያ ቦታዎቹን የሚያሳይ ከሆነ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው፡፡

አራቱ ዓይነቶች

አንደኛው ከሞተር ሳይክሉ ጋር የሚመጣው ባለ ሁለት እግር የመሀል ማቆሚያ ነው፡፡ ይህ ካላችሁና የኋላ ጎማውን በነፃነት የሚያሽከረክር ከሆነ ለአብዛኛው ሥራ ሌላ መግዛት አያስፈልግም፡፡

ሁለተኛው የኋላውን ጎማ የያዘውን ክንድ ከግራና ከቀኝ ደግፎ እንደ ማንሻ ዘንግ ወደ ታች ሲጫኑት የሚያነሳው ስታንድ ነው፡፡ ባትሪውን ስለማይነካ ለኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል እኔ የማስቀድመው ይህንን ነው፡፡ ነገር ግን ክንዱ በሁለቱም ወገን መኖር አለበት፤ በአንድ ወገን ብቻ የተያዘ ጎማ ላይ አይሠራም፡፡ ስፋቱ የሚስተካከል፣ መደገፊያውም ጎማ የለበሰ ይሁን፡፡ የፊቱንም ማንሳት ካስፈለገ ሁልጊዜ የኋላው ይቅደም፡፡

ሦስተኛው እንደ መቀስ የሚከፈተው ከሥር የሚገባ ክሪክ ነው፡፡ ዋጋውና ትንሽነቱ ያማልላል፤ ከላይ ያነሳሁት አደጋ የሚመለከተው ግን በተለይ እሱን ነው፡፡

አራተኛው ሙሉ ሞተር ሳይክሉን የሚያነሳው የሃይድሮሊክ ጠረጴዛ ነው፡፡ ለጋራዥ መልካም ነው፤ ለቤት ቦታ ያጣብባል፡፡ ከገዛችሁት ግን በዘይት ግፊት ብቻ አትመኑ፤ ከፍ ካለ በኋላ የሚቆልፈው የብረት ካስማ መኖሩን አረጋግጡ፡፡

ሚዛኑ ሲቀየር

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ባትሪው ከጠቅላላው ክብደት ትልቅ ድርሻ ያለው መሆኑን ነው፡፡ ለምሳሌ 120 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ሞተር ሳይክል ላይ 30 ኪሎ ግራም ባትሪ ቢወጣ ሩቡ ክብደት ሄደ ማለት ነው፡፡ ሞተሩ በኋላ ጎማው ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ደግሞ ጎማው ራሱ ከባድ ነው፤ እሱ ሲወጣ ሚዛኑ በድንገት ወደ ፊት ይሄዳል፡፡ ስለዚህ ባትሪ የሚወጣ ከሆነ ከመነሳቱ በፊት ይውጣ፤ የፊት ጎማ በሽብልቅ ይያዝ፤ እጀታውም በቀበቶ ይታሰር፡፡ የማንሻው አቅም ከሞተር ሳይክሉ ክብደት እጥፍ ያህል ቢሆን እመርጣለሁ፡፡ ወለሉ ደልዳላ ሊሾ ይሁን፤ አፈር ከሆነ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ይነጠፍ፡፡

ከመነሳቱ በፊት

የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ቁልፉ ተከፍቶ ቢቆምም ድምፅ የለውም፡፡ እጀታው በስህተት ቢጠመዘዝ በአየር ላይ ያለው ጎማ በሙሉ ኃይል ይዞራል፤ ጣትም ካቴናው ውስጥ ሊገባ ይችላል፡፡ የጎን ማቆሚያው ሲዘረጋ ኃይል የሚቆርጥ ሥርዓት ያላቸው አሉ፤ በስታንድ ላይ ሲወጡ ግን ማቆሚያው ይታጠፋልና ያ ጥበቃ አይኖርም፡፡ ስለዚህ ቁልፉ ይነቀል፣ የባትሪው ማገናኛም ይለያይ፡፡ 72 ቮልት የተባለ ባትሪ ሙሉ ሲሆን ከ80 ቮልት በላይ ይደርሳል፤ የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 136 ደግሞ ከ60 ቮልት በላይ የሆነን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ከከፍተኛ ቮልቴጅ ይመድበዋል፡፡ ሞተሩ ጎማው ውስጥ ከሆነ ከፔርኖው አጠገብ የሚወጣውን ወፍራም ገመድ ስታንዱ እንዳይጨፈልቀው ተጠንቀቁ፡፡

ሕጉስ?

ነገሩ የእጅ ሥራ ብቻ አይደለም፡፡ በከተማችን ብዙዎች የሚኖሩት በጋራ ግቢ ነው፤ ልጆች የሚጫወቱትም ሞተር ሳይክሉ በሚቆምበት ሥፍራ ነው፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2081 ባለሞተር ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ ጉዳቱን ያደረሰው ተሽከርካሪውን እንዲነካ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፡፡ ስታንድ ላይ የቆመ ሞተር ሳይክል በጎረቤት ልጅ ላይ ቢወድቅ “እኔ አልነካሁትም” የሚለው መከራከሪያ ባለቤቱን ያድነዋል ብዬ አላምንም፡፡

ስለዚህ ሥራው ካላለቀ ሞተር ሳይክሉ ተነስቶ አይደር፡፡ ውሃ ለመጠጣት ቤት ስትገቡም ቢሆን ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ፤ ልጅ ሊደርስበት የሚችል ከሆነ ደግሞ ጎማውን መሬት አስነኩ፡፡