ደመወዟ ለታክሲ ያልበቃ መምህርት

ስለ ኢኮኖሚ ድቀት ሲወራ ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ገበያው ነው፤ የዘይቱ፣ የጤፉ፣ የቤት ኪራዩ ዋጋ። በዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ2008 የሆነውን ስናይ ግን የገንዘብ ውድቀት የመማሪያ ክፍሉንና የሕክምና ጣቢያውን በአንድ ምክንያት ባዶ እንደሚያደርግ እንረዳለን።

ዚምባብዌ በ1980 ነፃ ስትወጣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ያለ ክፍያ አደረገች። በጥቂት ዓመታት የተማሪዎቿ ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ በየገጠሩም ጤና ጣቢያ ተሠራ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢኮኖሚ ማሻሻያው ሰበብ ክፍያ ተመልሶ መጣ። ከ2000 በኋላ ደግሞ በመሬት ነጠቃው የንግድ እርሻው ተናጋ፣ የውጭ ምንዛሪ ደረቀ፣ መንግሥትም የጎደለውን ገንዘብ በማተም ሊሞላ ሞከረ። በጁላይ 2008 መንግሥት ራሱ ያመነው የዋጋ ንረት በዓመት ከ230 ሚሊዮን በመቶ በላይ ነበር።

እንዲህ ያለ ቁጥር ለማንም አይገባም። በአንዲት መምህርት ኑሮ ስናየው ግን ይገባናል። የወር ደመወዟ እጇ እስኪገባ ዋጋው ይረግፋል፤ በመጨረሻም ትምህርት ቤት የሚያደርሳትን የታክሲ ሂሳብ እንኳ አይሸፍንም። ስለዚህ የቀረችው ሰንፋ አይደለም፤ ሥራ መሄድ ራሱ ኪሳራ ሆኖባት ነው። ብዙ መምህራን ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ቦትስዋና ተሰደዱ። አብዛኞቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የዚያን ዓመት ትልቁን ክፍል ያለ ትምህርት አሳለፉት። ፈተና ቢሰጥም የሚያርም ጠፍቶ ውጤቱ ወደ 2009 ተሻገረ።

የነርሷም ነገር ከዚህ አይለይም። በኖቬምበር የሐራሬ ትልልቅ ሆስፒታሎች ሕሙማን መቀበል ሲያቆሙ፣ በኦገስት ከቺቱንግዊዛ የተነሣው ኮሌራ ቡዲሪሮን በመሳሰሉ የዋና ከተማዋ ሰፈሮች ገብቶ ነበር። የውሃ ማከሚያ ኬሚካል የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ምንዛሪው ግን የለም። የፈነዳውን የፍሳሽ ቱቦ የሚጠግነው አልተገኘም። ቧንቧው ሲደርቅ ሰዎች በየግቢያቸው ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ፍሳሹም ወደዚያው ሰረገ።

ኮሌራ ቶሎ ከተደረሰበት በኦአርኤስና በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ የሚድን በሽታ ነው፤ በአግባቡ ከታከሙ 100 ሰዎች አንድ እንኳ አይሞትም። በዚምባብዌ ግን ከ98 ሺህ በላይ ሰዎች ታመው ከ4 ሺህ በላይ ሞቱ። ከሟቾቹ ከግማሽ የሚበልጡት ሕክምና ጣቢያ አልደረሱም።

በዚያ ወቅት በራቸውን ክፍት ካቆዩት መካከል በሚሲዮናውያን የተመሠረቱ የገጠር ሆስፒታሎች ይገኛሉ። ይህን ስንሰማ የሠራተኞቻቸውን ትጋት ማመስገን ደስ ይለናል፤ ይገባቸዋልም። እኔ ግን ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለኛል፦ እዚያው ግቢ የሚኖር ነርስ የታክሲ ሂሳብ አያስፈልገውም።

በ2009 መጀመሪያ አገሪቱ የራሷን ገንዘብ ትታ በዶላር መገበያየት ጀመረች፤ አዲሱ ጥምር መንግሥትም ለእያንዳንዱ የመንግሥት ሠራተኛ በወር 100 ዶላር ይከፍል ጀመር። ብዙ አይደለም፤ ታክሲ ግን ያሳፍራል። መምህራን ተመለሱ፣ ክፍሎች ተከፈቱ። ያ ዓመት ሰባተኛ ክፍል ላይ ያገኛቸው ልጆች ዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል፤ ከእነርሱ መካከል ያኔ ሥራ ፍለጋ ወጥተው ወደ ክፍል ያልተመለሱ አሉ።