አምራቹ ያላዘዘው ሥራ፦ ከጨዋታ ማውስ እስከ ግዕዝ ኪቦርድ

ዕቃ መግዛትና ዕቃን ማዘዝ አንድ አይደሉም። ለኮምፒውተር ጨዋታ የተሠራ ማውስ የገዛ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። እንዲህ ያለው ማውስ ከተራው ይልቅ ብዙ ቁልፍ አለው፤ ፍጥነቱ ይስተካከላል፣ መብራቱ ቀለም ይቀያይራል፣ አንዳንዱም የተጠቃሚውን ምርጫ በራሱ ውስጥ መዝግቦ ይይዛል። ይህን ሁሉ የሚያስተካክለው ግን አምራቹ የሚያወጣው ሶፍትዌር ነው። የሎጂቴክም ሆነ የሬዘር ሶፍትዌር የሚሠራው በዊንዶውስ፣ አንዳንዴም በማክ ላይ ነው። ኮምፒውተሩን በሊኑክስ የሚያሠራ ሰው ማውሱን ሰክቶ ቀስቱን ማንቀሳቀስ ይችላል። የከፈለበትን የቀረውን ነገር ግን ማዘዝ አይችልም።

ይህን ክፍተት የሞሉት ማንም ያላዘዛቸው ባለሙያዎች ናቸው። የማውሱን የዩኤስቢ መስመር እየተከታተሉ፣ የአምራቹ ሶፍትዌር ለማውሱ ምን እንደሚልክ፣ ማውሱም ምን እንደሚመልስ እየመዘገቡ ቋንቋውን ፈቱት። ለሎጂቴክ ዕቃዎች ሶላር፣ ለሬዘር ደግሞ ኦፕንሬዘር የተባሉ ነጻ ፕሮግራሞች ተጻፉ። በሬድ ሃት ኩባንያ የሚሠራው ፒተር ሁተረርም ከባልደረቦቹ ጋር ሊብራትባግ የተባለውን ሥራ ጀመረ። የሊብራትባግ ብልሃት አስተርጓሚ መሆኑ ላይ ነው። የየኩባንያው ማውስ የየራሱን ቋንቋ ቢናገርም አስተርጓሚው ሁሉንም ተረድቶ ለተጠቃሚው አንድ ዓይነት መስኮት ያቀርብለታል። መስኮቱ ፓይፐር ይባላል፤ ማውስ በእንግሊዝኛ አይጥ ነውና፣ ስሙ በጀርመን ተረት አይጦችን በዋሽንቱ እየነዳ ከከተማ ያስወጣውን ሰው ያስታውሳል።

ነገሩ የሩቅ አገር ወጣቶች ጨዋታ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዛሬ በኮምፒውተር አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የዚሁ ዓይነት ሥራ ተጠቃሚ ነው። ኪቦርድም እንደ ማውሱ ሌላ አገር፣ ለሌላ ሕዝብ ቋንቋ ተሠርቶ የመጣ ዕቃ ነው። ፊደላችንን እንዲጽፍ ያስገደዱት አምራቾቹ ሳይሆኑ ማንም ያልጠየቃቸው ኢትዮጵያውያንና ጥቂት የውጭ ወዳጆቻቸው ናቸው።

ትግሉ ከኮምፒውተር በፊት ይጀምራል። የጽሕፈት መኪና ለላቲን ፊደል የተሠራ፣ ከአርባ ጥቂት የሚበልጡ ቁልፎች ያሉት መሣሪያ ነው። ሠላሳ ሦስቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። በአማርኛ መኪናዎች የተለመደው መፍትሔ ፊደሉን ቆራርጦ መልሶ መገጣጠም ሆነ፤ ግዕዙ አንድ ቁልፍ፣ የካዕቡ ወይም የሣልሱ ቅጥያ ሌላ ቁልፍ። በዚህ መንገድ የተጻፈ ደብዳቤ ይነበባል፤ የቁም ጸሐፊው እጅ ግን የለበትም። ቢሮዎች ለአሥርት ዓመታት የሠሩት በዚህ ነው።

ኮምፒውተር ሲመጣ ችግሩ በአዲስ መልክ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የነበረው ኮምፒውተር አንድን ፊደል የሚያውቀው በቁጥር ሲሆን፣ ለፊደላት የተመደበው ቦታ በአብዛኛው 256 ብቻ ነበር፤ ከዚያም ግማሹን ላቲን ይዞታል። አምራቾቹ ግዕዝን ለማስገባት ዕቅድ አልነበራቸውም፤ ገበያው ትንሽ ነውና። በዚህ ጊዜ ያልታሰቡ ሰዎች ተነሡ። በአሜሪካ ፍስሃ አጥላው በዳሸን ኢንጂነሪንግ በኩል የግዕዝ መጻፊያ አዘጋጁ። በኮሎራዶ የሚኖሩት ዶ/ር አበራ ሞላ ሞዴት የተባለውን ሠሩ፤ እኚህ ሰው በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን በኩል አጋፋሪ የተባለው መጣ። ከዚያ በኋላ እነ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ተከትለው ገበያውን ያዙት።

የሁሉም ዘዴ በመሠረቱ አንድ ነበር፤ ኮምፒውተሩን ማታለል። ኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል የጻፈ ይመስለዋል፤ ፎንቱ ግን በዚያ ቁጥር ላይ የግዕዝ ፊደል ሥሎ ያሳያል። ፊደላችን ከቦታው ስለሚበልጥ አንዳንዱ ሠሪ ለሁለትና ለሦስት ፎንት አከፋፈለው፤ ሌላው እንደ ጽሕፈት መኪናው ቆራርጦ ገጣጠመው። በዚህ ብልሃት ጋዜጣ ታተመ፣ መጽሐፍ ወጣ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ተጻፈ፣ የተማሪ ውጤት ተሞላ። የማውሱን ቋንቋ ከፈቱት ሰዎች ሥራ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ስህተት ተፈጠረ። እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን በየፊናው ቁጥር ሰጠው። የአንዱ «ሰ» ለሌላው «ቀ» ነው፤ ለሦስተኛው ምልክት ብቻ ነው። በዚህ መልክ ከደርዘን በላይ የማይግባቡ አሠራሮች ተፈጠሩ። በወረባቦ ወረዳ ዋና ከተማ በቢስቲማ በአንዱ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ፣ ያ ፎንት ባልተጫነበት የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ቅራቅንቦ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ፋይል ከመላክ ይልቅ አትሞ፣ ማኅተም መትቶ፣ በሰው እጅ መስደድ ቀለለ። ፕሮግራሙም ከዲስክ ወደ ዲስክ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ ተሠራጨ። ብዙ ቢሮ የሚጽፍበትን እንጂ የጻፈው በምን ቁጥር እንደተቀመጠ አላወቀም። መፈለግም አይቻልም፤ ኮምፒውተሩ «መሬት» የሚለውን ቃል በፋይሉ ውስጥ አያገኘውም፤ ለእርሱ እዚያ የተጻፈው አማርኛ አይደለምና።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድም ነበር፤ በአገር ቤት ግን ብዙ አልታወቀም። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለ ስምምነት አዘጋጁ። ሴራ የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም፤ ግዕዝን በላቲን ፊደላት እንዴት መክተብ እንደሚቻል የሚደነግግ፣ ለማንም ክፍት የሆነ ደንብ ነው። የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል በመለየት «ተ»ን ከ«ጠ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» ይለያል። ክፍት ስለሆነም ሌሎች ወሰዱት። ጃፓናዊው ናኦቶ ታካሃሺ ኢማክስ ለተባለው ነጻ የጽሑፍ ፕሮግራም የግዕዝ መጻፊያ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኢማክስ 20 ያንን ይዞ ወጣ። ያ ማለት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ገና ሳያስቡት፣ ከነጻ ሶፍትዌር ዓለም አንዱ ፕሮግራም አማርኛ ይጽፍ ነበር። ሊኑክስም ዛሬ አማርኛን በሴራ ደንብ የሚጽፍ መክተቢያ አለው። በዳንኤል ያዕቆብ የሚመራው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ደግሞ የሊኑክስን የአማርኛ ቅንብር፣ የቀንና የወር ስም ሳይቀር፣ በማዘጋጀት ተሳትፏል።

ቁርጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ነው። ዩኒኮድ 3.0 የዓለም ፊደላትን በአንድ መዝገብ ሲያስቀምጥ ግዕዝን በ345 ምልክቶች አካተተ፤ በ2005 ደግሞ ተጨማሪዎቹ ገቡ። ከዚያ ወዲህ «ሰ» በዓለም ላይ አንድ ቁጥር ብቻ አለው። ይሁንና መዝገቡ ውስጥ መግባት በኮምፒውተሩ ላይ ከመታየት ጋር አንድ አይደለም። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ከዊንዶውስ ጋር ለተራው ተጠቃሚ ያቀረበው በ2007 በቪስታ ነው። የመጀመሪያዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች ከተሠሩ ሃያ ዓመት ገደማ አልፎ ነበር። በእነዚያ ዓመታት አገሪቱ የጻፈችው ሁሉ የተጻፈው አምራቹ ባላዘዘው ሶፍትዌር ነው።

ሁለቱ ታሪኮች ጎን ለጎን ሲታዩ ልዩነታቸው ግልጽ ነው። የማውስ ባለሙያዎቹም እንደ ግዕዝ ሠሪዎቹ በየፊናቸው ሊቀሩ ይችሉ ነበር። ነገር ግን ኮዳቸውን ክፍት ስላደረጉ የአንዱ ግኝት ለሌላው ስንቅ ሆነ። አንዱ ሰው ቢሰለች ወይም ሥራ ቢቀይር ሌላው ካቆመበት ይቀጥላል። ሎጂቴክም በበኩሉ የዕቃዎቹን ቋንቋ ሰነድ ከፊሉን ለውጭ ባለሙያዎች አሳይቷል። የእኛዎቹ የግዕዝ ፎንቶች በአብዛኛው ዝግ ነበሩ፤ ፊደሉ በየትኛው ቁጥር እንደተቀመጠ ለማወቅ የፈለገ ሰው እንደ ማውሱ መፍታት ነበረበት። ከውጭ አምራች ቁልፍ ነጻ የወጣው ተጠቃሚ በአገር ልጅ ቁልፍ ተቆለፈ።

ይህ ማለት ፈር ቀዳጆቹ ይወቀሱ ማለት አይደለም። መንግሥት የጋራ ደንብ አላወጣላቸውም፤ ዩኒቨርሲቲ ደመወዝ አልከፈላቸውም። ፕሮግራሙን መሸጥ ድካማቸውን የሚመልሱበት ብቸኛ መንገድ ነበር፤ ሲሸጡም ብዙው ሰው ሳይከፍል ገለበጠው። ብዙዎቹ በኋላ ወደ ዩኒኮድ መጥተዋል፤ ፓወር ግዕዝም የዩኒኮድ ፎንት አውጥቷል። ጥፋቱ የግለሰብ ሳይሆን፣ የጋራ የሆነውን ፊደል የማንም ጉዳይ አድርጎ የተወው አሠራር ነው።

«ያልተፈቀደ ሶፍትዌር አደገኛ ነው» የሚል ክርክርም ይነሣል፤ እውነትነት አለው። ዕቃን የሚያዝ ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ውስጥ ከፍ ያለ ሥልጣን ይፈልጋል፤ ምንጩ ያልታወቀ ከሆነ ቫይረስ ይዞ ሊገባ ይችላል። ከፍላሽ የተገለበጠ የግዕዝ ፕሮግራም ስንቱን ቢሮ በቫይረስ እንዳስቸገረ ኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ያውቁታል። ልዩነቱ ግን በተፈቀደና ባልተፈቀደ መካከል ሳይሆን ሊመረመር በሚችልና በማይችል መካከል ነው። ኦፕንሬዘርን ሬዘር አልፈቀደውም፤ ኮዱን ግን ማንም ከፍቶ ማየት ይችላል።

ዛሬ ስልኩን አውጥቶ አማርኛ የሚጽፍ ወጣት ይህ ሁሉ ያለፈ ይመስለዋል። ለአዲሱ ጽሑፍ አልፏል፤ ለአሮጌው አላለፈም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በየቢሮው፣ በየማተሚያ ቤቱና በየደራሲው ቤት በአሮጌ ፎንት የተጻፉ ፋይሎች አሉ፤ የመሬት ደብዳቤ፣ የፍርድ መዝገብ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ያልታተመ መጽሐፍ። ወረቀቱ ጠፍቶ ፋይሉ ብቻ የቀረበትም ይኖራል። ፎንቱ ከጠፋና የፊደሉን ቁጥር የሚያውቅ ሰው ካጣ፣ ፋይሉ ሳይሰረዝ ይሞታል።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የአሮጌ ፎንቶችን የፊደል ሰንጠረዥ ሠሪዎቹ በሕይወት ሳሉ ሰብስቦ ለሕዝብ ክፍት ማድረግ፣ ፋይሎቹን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ነጻ ፕሮግራም ማዘጋጀት፣ ከዚያም ማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከዩኒኮድ ውጭ የተጻፈ ሰነድ እንዳይቀበል መደንገግ። የመጀመሪያውን የቤተ መጻሕፍትና የቤተ መዛግብት ሰዎች ሊጀምሩት ይችላሉ። ሁለተኛው ለአንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂ የመመረቂያ ሥራ ይበቃል። ሦስተኛው ግን ፊርማ የሚጠይቅ ነው፤ ያ ፊርማ እስኪገኝ ድረስ አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ እየተበላሹ ነው።